የአምቡሊው በግ

ባልዲው ውኃው ጋ ሳይደርስ ቆመ። የመናዊው አትክልተኛ ገመዱን ነቅነቅ አድርጎ እንደገና ለቀቀው፤ እንደገና ቆመ። ጎንበስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሲያይ ነጭ ነጠላ ውኃው ላይ ተዘርግቶ፣ ከነጠላው ሥር የሰው ትከሻ አየ።

ዘመኑ 1921 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ ዓርብ ነበር። አምቡሊ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብላ በደረቁ ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ ሰፈር ናት፤ ጥቂት ቤቶች፣ የተምር ዛፎች፣ የአትክልት መደቦችና ጉድጓዶች። ኢንስፔክተር ተክለወልድ ሲደርስ ሬሳው ወጥቶ በሰሌን ተሸፍኗል።

ተክለወልድ በፈረንሳዮቹ ፖሊስ ውስጥ የሐበሾችን ጉዳይ የሚመረምር ብቸኛ ሐበሻ ነው። ሰሌኑን ገለጠ። ሟቹን ያውቀዋል፤ አቶ ገብረማርያም፣ የባቡሩን የውኃ ፓምፕ ሲጠብቁ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ክርስቲያኖች ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። የጭንቅላታቸው ኋላ ተፈንክቷል።

«ወድቀው ነው» አለ አንድ ፖሊስ። «ሽማግሌ ናቸው፤ አዳልጧቸው ነው።»

ተክለወልድ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ በእንብርክኩ ዞረ። ደሙንና ሽበቱን ያገኘው ከጉድጓዱ አፍ ድንጋይ በውጭ በኩል ነው።

«ጭንቅላታቸው የተመታው እዚህ ነው» አለ በጣቱ እያሳየ። «ከዚህ የወደቀ ሰው ወደ መሬት ነው የሚወድቀው። ወደ ውስጥ ያስገባቸው ሌላ ሰው ነው።»

*

ሐሙስ ዕለት ጉድጓዱ ባለበት ግቢ ውስጥ ሰርግ ነበር። የሐረሩ ነጋዴ ሐጂ ነጅሙዲን ልጃቸውን ሐምዲያን ድረዋል። ሐጂ ከባቡር ሠራተኞች ጋር የቆየ ወዳጅነት ስላላቸው ክርስቲያኖቹንም ጠርተዋል፤ እንደ ወጉም በቁሙ አንድ በግ ሰጥተዋቸዋል። ክርስቲያኖቹ በራሳቸው እጅ አርደው፣ በራሳቸው ድስት አብስለው፣ ከግቢው በታች በኩል ለብቻቸው ይበላሉ። ሁልጊዜ የሚያርዱላቸው ገብረማርያም ነበሩ።

ሐኪሙ ሬሳው ውኃ ውስጥ ስላደረ ሰዓቱን መለየት አልቻለም። የፖሊሱ አዛዥ፣ ፈረንሳዊው ኮሚሴር ግን አልተቸገረም። ሥጋው ድስቱ ጋ የደረሰው ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ ገብረማርያም በጉን አርደው ልከዋል፤ ስለዚህ የተገደሉት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዳስ ውስጥ ነበር። ከአንድ ሰው በስተቀር።

ያ ሰው የጎረቤቱ አትክልት ቦታ ዘበኛ ዘውዱ ነው። በዚያው ሳምንት ፍየሎቹን ጉድጓዱ ላይ በማጠጣቱ ከገብረማርያም ጋር ተጨቃጭቋል። ጎጆው ሲፈተሽ የገብረማርያም ቢላዋ ተገኘ።

«ከመንገድ ላይ ነው ያነሣሁት፣ ጌታዬ!» አለ ዘውዱ፣ በእስር ቤቱ ፍርግርግ ላይ ተንጠልጥሎ። «ሲመሽ ስዞር ጉድጓዱ አጠገብ ወድቆ አየሁት። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጠዋት እመልስላቸዋለሁ ብዬ ነው።»

«ለምን ያን ጊዜ አልጠራሃቸውም?»

«ከተኮራረፍን ሰነበትን እኮ! በቢላዋው ሰበብ እታረቃለሁ ብዬ ነበር።»

ኮሚሴሩ ፋይሉን ዘጋ። «ሰኞ ጠዋት ለዳኛው ይተላለፋል፣ ሙሴ ተክለወልድ። ቢላዋ አለ፣ ጠብ አለ፣ ሰውየው የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«እስከ ሰኞ ያለውን ጊዜ።»

በር ላይ የዘውዱ ሚስት እልፍነሽ ተቀምጣለች። ተክለወልድ ሲወጣ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ዳኛው ፊት የቀረበ ሐበሻ ተመልሶ አያውቅም ይላሉ።»

«አንዳንዱ ይመለሳል።»

«የእኔው ይመለሳል?»

ተክለወልድ የማያውቀውን መናገር አይወድም። «ገና አላየሁም» አላትና ሄደ።

ቢሮው ገብቶ ቢላዋውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጣው። ስለቱ ላይ የመሳያው ድንጋይ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ደርቋል። ጨርቁን በብርሃን አየው፤ ደም የለም፣ ሞራ የለም፣ የታጠበ ነገር ምልክት የለም። ቢላዋው ተስሏል፤ ግን ምንም አልቆረጠም።

*

«ከገብረማርያም ጋር ትናንት ጠዋት ስትጯጯሁ ተሰምታችኋል፣ ሐጂ።»

ሐጂ ነጅሙዲን የሰርጉ ድካም ከዓይናቸው አልወጣም። «ተጯጩኸናል፣ ወንድሜ። እንዴት አልጮህም! ወይፈን ውሰዱ አልኩት፤ ገብሬ በግ ይበቃናል አለኝ። ልጄን ስድር ወዳጆቼን በበግ ልሸኝ? ሰው ምን ይለኛል? ሃያ ዓመት አብረን ኖረን አንድ ወይፈን ይከለክለኛል!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱ አሸነፈ። እሱ መቼ ተሸንፎ ያውቃል?» ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «ወይፈን ወስዶ ቢሆን ኖሮ ብቻውን አያርደውም ነበር። ሰዎች ይከቡት ነበር።»

ተክለወልድ መሐረቡ ከፊታቸው እስኪወርድ ጠበቀ። «በጉን ይዘው ሲወርዱ ማን አብሯቸው ነበር?»

«ጸሐዬ፣ የሐዲድ ጥገናው ኃላፊ። ገመዱን እሱ ነው የያዘው። ወዲያው ተመልሶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ሥጋው ሲመጣም እዚሁ ነበር። እስኪነጋ ሲያጫውተን አደረ፣ አላህ ይስጠው።»

*

ጸሐዬን ጅቡቲ ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር አገኘው። አርባ የሚሆነው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ካኪ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። የቀኝ እጁ አንጓ በጨርቅ ታስሯል።

«ኧረ ተክሌ፣ በዚህ ፀሐይ በእግርህ! ግባ፣ ጥላው ውስጥ ግባ።» በግራ እጁ ወንበር ሳበለት። «ምን ጉድ ነው የመጣብን? ጋሼን የሚያህል ሰው!»

«አብረህ ወርደህ ነበር አሉኝ።»

«በጉን ከተምሩ ግንድ አሰርኩላቸውና ተመለስኩ። ላግዝዎት ብላቸው 'ሂድ፣ አንተ ስታርድ በጉ በሳቅ ይሞታል' አሉኝ። እንደዚያ ነበሩ። 'ካረድኩ በኋላ ወገቤን ስለሚያመኝ ቤቴ ሄጄ ጋደም እላለሁ፣ አትጠብቁኝ' ብለውኛል።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

«የሐዲድ ጋሪው ፍሬን ነው። ዛሬ ጠዋት መታኝ።» ሳቀ። «እርጅና አትለኝም?»

«የኔም እየመጣ ነው» አለ ተክለወልድ እየተነሣ።

*

ለክርስቲያኖቹ ያበሰለችው አዳነች ናት። ባሏ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ዓምና ሐዲዱ ላይ ተጨፍልቆ ተገኘ። ሰክሮ ሐዲድ ላይ ተኝቶ ነው ተባለ፤ እንደ ሰካራም ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ አዳነች በየድግሱ እያበሰለች ትኖራለች።

ተክለወልድ ሲገባ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ደጃፏ ድንጋይ ላይ እልፍነሽ ተቀምጣለች። ያበሰለችው ሴት የምታውቀው ነገር ይኖራል ብላ ነው የመጣችው።

«እትዬ አዳነች፣ ሥጋውን ማን አመጣልሽ?»

«አንድ አፋር፣ ውኃ ቀጂ። አማርኛ አይሰማም። ቅርጫቱን አስቀምጦ ሄደ። ጸሐዬ 'ጋሼ አርደው ይልኩልሻል' ብሎኝ ስለነበር ገባኝ።»

«እንደ ሁልጊዜው ነበር?»

ቢላዋዋ ሽንኩርቱ መሐል ቆመ። «እንደ ሁልጊዜው ነው።»

«ጋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርሻቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ጠዋት፣ ድስት ስንሸከም። 'አዳነች፣ ሰርጉ ይለፍና ስለ ባልሽ የምነግርሽ አለኝ፤ የሚነግርሽ ግን እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል' አሉኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ድርሻቸውንም አስቀምጬላቸው ነበር።» በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። «ዛሬ ጾም ስለሆነ የተረፈውን ለውሻ ሰጠሁ። የእሳቸውንም።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ተክለወልድ ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የጉድጓዱን አፍ ትናንት አይቶታል። ዛሬ የፈለገው በጉ የታረደበትን ቦታ ነው።

ገመዱ ተምሩ ግንድ ላይ የፋቀው ምልክት አለ። ከግንዱ ሥር የበግ በጠጥ አለ። አሸዋውን ግንዱን እየዞረ፣ ክቡን እያሰፋ፣ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ፈተሸው። በየቦታው በእጁ እየቆፈረ አየ። ደም የለም። ፈርስ የለም። ለወትሮው ለሣምንት የማይለቀው ዝንብ እንኳ የለም።

በግንባሩ ላብ እየወረደ ቁጭ አለ። ገብረማርያም ቢላዋቸውን ስለው፣ በጉን አስረው፣ አላረዱም። ክርስቲያኖቹ ግን በግ በልተዋል።

ያ በግ የት ታረደ? በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ የማረጃ ቢላዋ የያዘ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

*

ዓብዱሰመድ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ያረደው ነው፤ ሐረሬ ነው፣ ወፍራም፣ ሥራውን የሚወድ። ከላይኛው በር አጠገብ ያረደበት የደም ጉድጓድ ላይ ገና ዝንብ ይተራመሳል።

«ስንት አረድክ ብለህ አትጠይቀኝ፣ ኢንስፔክተር። ሰርግ ነው። በግ ይመጣል፣ አርዳለሁ። ፍየል ይመጣል፣ አርዳለሁ። አማቴን ቢያመጡልኝ ቢስሚላህ ብዬ ለእሷም አልመለስም ነበር።»

«ከባቡር ሠራተኞቹ አንዱ በግ አምጥቶልሃል?»

ዓብዱሰመድ አሰበ። «አምጥቶልኛል፤ ከሰዓት በኋላ። ለኩሊዎቹ ነው አለኝ፤ ሐጂ ለኩሊዎቹ የሰጡት። ድስታቸው ከታች ግንቡ ሥር ነው፣ ሲያልቅ እዚያ ላክ አለኝ። አርጄ፣ ገፍፌ፣ ከታትፌ፣ በውኃ ቀጂው ላክሁት።»

«ከታች ግንቡ ሥር የነበረው የክርስቲያኖቹ ድስት ነው።»

የዓብዱሰመድ አፍ ተከፈተ። «አዑዙ ቢላህ! ወላሂ አላወቅሁም! እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ክርስቲያኖቹን በእኔ እርድ አበላኋቸው? ሐጂ ቢሰሙ በምን ዓይናቸው ያዩኛል? እንግዶቻቸውን!»

«ያመጣው ማነው?»

«ካኪ ለባሽ ነው። ሁሉም ካኪ ለባሽ ናቸው። እኔ እጄ ደም፣ ዓይኔ በጉ አንገት ላይ፤ ቀና ብዬም አላየሁት። ዓረብኛው ጥሩ ነው።»

ዓረብኛቸው ጥሩ የሆነ የባቡር ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ተክለወልድ ግን ወደ ከተማ ሲመለስ እርምጃው ፈጠን ብሎ ነበር። በጉ የመጣው ከዓብዱሰመድ ከሆነ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ገብረማርያም በሕይወት ነበሩ የሚያሰኝ ነገር የለም። የሞቱት ከሰዓት በኋላ ነው። ዳስ ውስጥ ያመሸ ሁሉ ደግሞ በማምሸቱ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

ያን ሥጋ ማን እንዳረደው ከክርስቲያኖቹ መካከል በጉን ለዓብዱሰመድ ያስረከበው ሰው ብቻ ያውቅ ነበር።

*

እልፍነሽ እዚያው ድንጋይ ላይ ናት። አዳነች ግን ዛሬ ምንም አትሠራም።

«ገብረማርያም በጉን አላረዱም» አለ ተክለወልድ እንደገባ። «ቢላዋቸው ደም አልነካውም። ከተምሩ ሥር ደም አልፈሰሰም። አንቺ ሥጋውን ባየሽ ጊዜ ታውቂ ነበር።»

«አላውቅም ነበር!»

«ጠርጥረሽ ነበር።»

አዳነች ወደ በሩ አየች፤ ከእልፍነሽ ጀርባ ላይ ዓይኗን አነሣች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ በግ ሲያወጡ በብልቱ ነው። መጀመሪያ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይልካሉ፣ ከዚያ ጎድኑን፣ ከዚያ ታፋውን። ያን ቀን የመጣው ከነአጥንቱ ተከታትፎ፣ ለሩዝ እንደሚሆነው ነው። አንዳች ነገር ልቤን ነካኝ። እርጅና ነው፣ ቸኩለው ነው አልኩና ድስት ውስጥ ጨመርኩት። ምን ልበል? ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል።»

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ከተናገርኩ ሰውን ሁሉ የእስላም ሥጋ አበላሁ ማለት ነው! ሁሉም ንስሐ ሊገቡ ነው። የሰካራም ሚስት ስባል ኖሬ አሁን ደግሞ ይህ ይጨመርብኝ? ከእንግዲህ ማን ድግሱ ላይ ይጠራኛል?»

ተክለወልድ አላባበላትም። «የጠየቅሁሽን ብቻ መልሺልኝ። ያን ማታ ከክርስቲያኖቹ ሥጋውን ያልበላ ሰው ነበር?»

አዳነች እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አንድ ሰው» አለች አዳነች። «ድርሻውን ሳቀርብለት ሆዴን አሞኛል አለኝ። ደረቅ ዳቦ ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲያስቀን አመሸ። ሆዱን ያመመው አይመስልም ነበር። እንቢ አልኩት፣ አጎርሰዋለሁ ብዬ እጄን ብዘረጋ ፊቱን አዞረ። ቅር አለኝ። እሱ እኮ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ማገዶ የሚያስጭንልኝ፣ ውኃ የሚልክልኝ ሰው ነው።»

«ስሙን ንገሪኝ።»

«ጸሐዬ።»

እልፍነሽ ተነሣች። ወደ ውስጥ ገብታ ከአዳነች ፊት ቆመች።

«ይህን ኮሚሴሩ ፊት ትደግሚዋለሽ?» አለ ተክለወልድ። «ነገሩ አይደበቅም። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

አዳነች ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ አወረደች። «እሄዳለሁ» አለች። «ከነማፈሬ እሄዳለሁ።»

*

ጸሐዬ የጥገናው መጋዘን ውስጥ ብቻውን ነበር። ተክለወልድን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ከኋላው የቆሙትን ፖሊሶች ሲያይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ።

«ሆድህ እንዴት ሆነ?» አለው ተክለወልድ።

«የምን ሆዴ?»

«ሐሙስ የታመመው።»

«እ… ተሻለኝ። አልፎ አልፎ ነው።»

«ሁሉም በልቷል። ቄሱ በልተዋል። ጋሼ ያረዱት መስሏቸው ነው። አንተ አልበላህም።»

«ያላመመው ሰው ይበላል፤ ያመመው ይተዋል። ወንጀል ነው?»

«በጉን ለዓብዱሰመድ የሰጠኸው አንተ ነህ። አንጓህ ስለተጎዳ በጉን ይዘህ ማረድ አልቻልክም። ሌላ ክርስቲያን እንዳትጠራ ጋሼ የት ሄዱ ይልሃል። ሥጋው ግን መድረስ ነበረበት፤ ሥጋው ካልደረሰ ይፈለጋሉ። አንተ ዳስ ውስጥ ተቀምጠህ ሳለ ሲደርስ፣ ያኔ አንተ ነፃ ነህ።»

ጸሐዬ በግራ እጁ አንድ መፍቻ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ለምን አልበላህም፣ ጸሐዬ? አንድ ጉርሻ ብትጎርስ እኔም እስከ ዛሬ አላገኝህም ነበር።»

ጸሐዬ የታሰረውን አንጓውን በሌላ እጁ ይዞ ወደ መሬት አየ። ሲናገር ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«የዚያን ቀን አንድ ኃጢአት በቃኝ።»

ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ ተናገረ። ዓምና በሐዲድ ጋሪ ያለ መብራት ሲመለስ የአዳነችን ባል የገጨው እሱ ነው። ሬሳው ላይ አረቄ አፈሰሰበት። ገብረማርያም ከፓምፑ ቤት ሆነው አይተው፣ ራሱ እንዲናገር ዓመት ሙሉ ጠበቁት። ሐሙስ ከተምሩ ሥር በጉን አስረው፣ ቢላዋውን አስቀምጠው፣ «ዛሬ ከሰርጉ በኋላ አንተው ንገራት፤ አለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ» አሉት። ለመናቸው። እንቢ አሉ። ሲሄዱ ያዛቸው፣ አንጓውን ጠመዘዙት፣ ገፈተራቸው።

«ልገድላቸው አልፈለግሁም» አለ። «ከድንጋዩ ላይ አልተነሡም። ስደነግጥ ወደ ጉድጓዱ ገፋኋቸው።»

«ዘውዱን ግን ለዳኛ ልትሰጠው ነበር» አለ ተክለወልድ። ለፖሊሶቹ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ካቴናውን የግራው እጅ ላይ ቀድመው አሰሩት።

*

ኮሚሴሩ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ሰው ገድሎ፣ ሥጋ አልበላም አለ?»

«አዎን፣ ሙሴ።»

«አልገባኝም።»

«ዘውዱን እንዲፈቱት ብቻ ነው የምለምነው፣ ሙሴ። እንዲገባዎት አይደለም።»

ዘውዱ ሰኞ ጠዋት ተፈታ። እልፍነሽ በር ላይ ጠብቃው ነበር፤ ወደ አምቡሊ ግን በቀጥታ አልወሰደችውም። በአዳነች ሠፈር በኩል ዞሩ።

አዳነች በርዋ ላይ ቆማ ነበር። ከትናንት ወዲህ ሰው ሰላም አይላትም፤ ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እያዩዋት አለፉ። ዘውዱ መንገዱን አቋርጦ መጣና ጉልበቷን ሊስም ወደቀ።

«ተነሥ፣ ተነሥ!» አለች ትከሻውን እየሳበች። «ሰው ያያል።»

«ይይ፣ እትዬ። ይይ።»

ተነሣ። አዳነች የመንገዱን ማዶ አየች፣ ከዚያ እሱን።

«ባሌን ታውቀው ነበር፣ ዘውዱ?»

«እንዴት አላውቀውም፣ እትዬ።»

«አልሰከረም ነበር።»

ዘውዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሴቶቹ ገና ሳይርቁ፣ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰላት።

«አልሰከረም ነበር።»